ባግ መቁጠር ቴስተርን አይመዝንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቴክኖሎጂ ውድድር ሲወራ ስማቸው የሚነሳው ኮድ ጸሐፊዎቹ ናቸው። የተጻፈውን አገላብጠው እንከኑን የሚያወጡት የሶፍትዌር ቴስተሮችም ግን የራሳቸው መወዳደሪያ አላቸው። አንድ ሶፍትዌር ይሰጣቸዋል፣ ሰዓት ይቆረጥላቸዋል፣ ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ያስሳሉ፣ ያገኙትን ይጽፋሉ፣ ዳኞችም ይመዝናሉ። ለሙያው እጅግ የሚጠቅም ነገር ነው። ይሁንና አዘጋጆች በማስታወቂያቸው ላይ «ብዙ ባግ ያገኘ ያሸንፋል» ብለው የጻፉ እንደሆነ ውድድሩ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ አንድ መስመር የሚያመጣውን ጉዳትና በቦታው ሊገባ የሚገባውን ለማሳየት ነው።

ስሌቱን እንመልከት። 3 ሰዓት የተሰጠው ቡድን የፊደል ግድፈት፣ የተዛነፈ ምስል፣ ቀለሙ የደበዘዘ ቁልፍ እየለቀመ 60 ሪፖርት ሊያስገባ ይችላል። ሌላው ቡድን ሁለት ሰዎች አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ ሲያርሙ የቀደመው ሰው ሥራ ያለምንም ማስጠንቀቂያ እንደሚጠፋ ይጠረጥራል፤ 40 ደቂቃ ተከታትሎ ያረጋግጥና አንድ ሪፖርት ያስገባል። የሚቆጥር ዳኛ ለአንደኛው 60፣ ለሁለተኛው 1 ይሰጣል። የሶፍትዌሩን ባለቤት እንቅልፍ የሚነሳው ግን ያ አንዱ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ተወዳዳሪው የሚወስደው ልማድ ነው። አንድ የቀን መምረጫ በአምስት ገጾች ላይ ቢበላሽ አምስት ሪፖርት አድርጎ መበጣጠስን ይማራል። በሥራ ላይ እንዲህ የሚያደርገውን ቴስተር ዴቨሎፐሮች (ኮድ ጸሐፊዎቹ) ውለው አድረው ማንበብ ይተዉታል።

የተሻለ አሠራር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተካሄደው የሶፍትዌር ቴስቲንግ የዓለም ዋንጫ ቢበዛ 4 ሰው ያለባቸውን ቡድኖች በ3 ሰዓት የማጣሪያ ዙሮች አወዳድሮ የፍጻሜውን ዙር በጀርመን ፖትስዳም አድርጓል። እዚያ ከባግ ሪፖርቶቹ ሌላ ቡድኑ በመጨረሻ የሚያቀርበው የሙከራ ሪፖርትም ይመዘን ነበር። በእኔ እምነት 4 ሰውና 3 ሰዓት ተስማሚ ልክ ነው። ከ2 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሶፍትዌሩን ለመልመድ እንኳ አይበቃም፤ ከ4 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ድካሙ የሪፖርቱን ጥራት ይጥለዋል። አምስተኛ ሰው ሲጨመር ሥራው አይፈጥንም፤ አንዱ ያገኘውን ሌላው ደግሞ ማግኘቱ ይበዛል።

የሚፈተሸውን ሶፍትዌር መምረጥ ብዙዎች በመጨረሻው ሳምንት የሚያስታውሱት ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ሊወሰን ሲገባው። አዲስ ሰው በ15 ደቂቃ ምን እንደሚሠራ የሚረዳው፣ ሆኖም በ3 ሰዓት ጨርሶ የማይዘልቀው መሆን አለበት፤ ቦታ ማስያዣ፣ የመጻሕፍት ማዋሻ ወይም የዕቃ ክምችት መዝገብ ለዚህ ይመቻሉ። የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ባለ ሲስተም ላይ ግን ፈቃድ ቢኖርም ውድድር አይደረግም፤ ለሙከራ የተላከው ኢሜይልና አጭር መልእክት እውነተኛ ሰው ዘንድ ይደርሳል፣ የተሰረዘው መዝገብም የእውነት ተሰርዞ ይቀራል። የደንበኞችን እውነተኛ ስምና ስልክ የያዘ ዳታቤዝ ገልብጦ መስጠትም እንዲሁ ክልክል መሆን አለበት። 300 ያህል የፈጠራ መዝገቦች የሚያዘጋጅ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አንዳንድ አዘጋጆች ሆን ብለው ባግ ይዘራሉ። ይህ ሐሳብ ቆየት ያለ ነው፤ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ሃርላን ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው የመገመቻ ዘዴ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። 20 ባግ ተዘርቶ ተወዳዳሪዎቹ 15ቱን ካገኙና ከዚያ ውጪ ማንም ያልዘራቸውን 30 እውነተኛ ባጎች ካወጡ፣ የተዘሩት በ15/20 መጠን ስለተገኙ እውነተኞቹም በዚያው መጠን ተገኝተዋል ተብሎ ይታሰባል። ጠቅላላው 40 ገደማ፣ ያልተገኙት 10 ገደማ ይሆናሉ ማለት ነው። ግምቱ የሚያስኬደው ግን የተዘራው ባግ እንደ እውነተኛው አስቸጋሪ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ አይደለም። ሰው በእጁ የሚዘራው ባግ የመደመር ምልክቱን ወደ መቀነስ እንደመቀየር ያለ፣ ወዲያው ዓይን የሚገባ ይሆናል፤ እውነተኞቹ ደግሞ በሁለት ነገሮች መጋጠሚያ ላይ ይደበቃሉ። ስለዚህ ከ20ው ውስጥ ላይ ላዩን የሚታዩት ከ5 አይብለጡ። የቀሩት የተወሰነ ቅደም ተከተል፣ የተለየ ዳታ ወይም የጊዜ መገጣጠም የሚጠይቁ ይሁኑ። አንዱ የተዘራ ባግ ሌላውን እንዳይሸፍንም መፈተሽ አለበት። መግቢያው ላይ የተተከለ ባግ አስተዳዳሪው ገጹን እንዳይከፍት ካደረገ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ የተዘሩት ባጎች ማንም ሳያያቸው ይቀራሉ። ዝርዝሩን ያላዩ ሁለት ሰዎች ቀድመው ሶፍትዌሩን ይሞክሩት፤ ሁለቱም በ3 ሰዓት ውስጥ ግማሹን እንኳ ካላገኙ ከብዷል፣ በ1 ሰዓት ከጨረሱት ቀሏል።

ሶፍትዌሩ የሚፈተሽበትን የኮምፒውተር አካባቢ በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ጸንቼ እናገራለሁ። ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ ሰርቨርና የራሱ ዳታቤዝ ይሰጠው። ሁሉም በአንድ ሰርቨር ላይ ሲገቡ አንዱ ቡድን የሰረዘው መዝገብ ለሌላው «ዳታ ይጠፋል» የሚል ሪፖርት ይሆናል። አንዱ 10,000 መዝገብ ሲጭን ሌላው «ገጹ ይንቀረፈፋል» ብሎ ይጽፋል። ዳኛው እነዚህን ደግሞ ማረጋገጥ አይችልም፤ ጥፋቱም የተወዳዳሪው አይደለም። ኮፒዎቹ ከአንድ ምንጭ ይነሱ፣ የቨርዥን ቁጥሩ በየገጹ ግርጌ ይታይ፣ ሰዓቱ ከተጀመረ በኋላ ማንም ዴቨሎፐር «ትንሽ ነገር ላስተካክል» ብሎ አይንካው። ቡድኑ ዳታውን ቢያበላሸው በ5 ደቂቃ ውስጥ ወደ መነሻው የሚመልስ ትእዛዝ ይዘጋጅ። አካውንትን በተመለከተ፣ ሶፍትዌሩ ሦስት ዓይነት ተጠቃሚ ካለው ለእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 6 ለየቡድኑ ይሰጥ። ሁለት የሚያስፈልገው የአንዱን ተጠቃሚ መረጃ ሌላው ማየት ይችል እንደሆነ በአንድ አካውንት መሞከር ስለማይቻል ነው።

ኢንተርኔቱ ላይ መተማመን አይገባም። 8 ቡድን 4 ሰው ሲኖረው 32 ላፕቶፕ ነው፤ ብዙዎቹ ስልክም ያገናኛሉ፣ ስለዚህ ዋይፋዩ ለ70 መሣሪያ ይታሰብ። ሰርቨሮቹን አዳራሹ ውስጥ በውስጥ ኔትወርክ ማስቀመጥ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ሪፖርቶቹን ለመቀበል ሁሉም በጋራ የሚጽፍበት አንድ ስፕሬድሺት አይሆንም፤ አንዱ የሌላውን ረድፍ ይደርብበታል፣ ሲደረደርም መስመሮች ይቀያየራሉ። ባግዚላ ወይም ማንቲስ የተባሉት የባግ መመዝገቢያ ሶፍትዌሮች ነጻ ናቸው፤ ጂራ የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ የለመደም ይጠቀምበት። ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ ፕሮጀክት ተከፍቶ አንዱ የሌላውን እንዳያይ ይዘጋ። ይህ ሁሉ ከውድድሩ አንድ ሳምንት አስቀድሞ፣ ሁሉም አካውንት ተከፍቶ ሁሉም ቅጽ ተሞልቶ መሞከር አለበት። የይለፍ ቃል ሲያድሉ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚያልቅባቸው ውድድሮች ይህን የዘለሉ ናቸው።

ከዚያ የተልእኮው ወረቀት ይመጣል። ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ሶፍትዌሩን ማን እንደሚጠቀምበት፣ ባለቤቱ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ምን እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል ገና ስላላለቀ እንደማይፈተሽ ይገልጻል። ስለ ሶፍትዌር ሥራ ብዙ የጻፈው ጄራልድ ዋይንበርግ ጥራት ማለት ለሆነ ሰው የሚሰጥ ዋጋ ነው የሚለውን ትርጉም ለሙያው አውርሷል። ሰውየው ማን እንደሆነ ያልተነገረው ቴስተር የትኛው ባግ ከባድ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህም ባለቤቱን የሚወክል አንድ ሰው 3ቱንም ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ፣ የተጠየቀውንም ለሁሉም በሚታይ ሰሌዳ ላይ ይመልስ። ጥያቄ የማይጠይቅ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ «እንዲህ እንዲሆን ነው የተሠራው» የሚል መልስ የሚገባውን ነገር ባግ ብሎ ያስገባል።

ለተወዳዳሪዎቹም ጥቂት ልበል። የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ሪፖርት ሳይጻፍ ሶፍትዌሩን ለመዞር ይሁኑ፤ በደቂቃ 3 ላይ የተገኘች የፊደል ግድፈት ጊዜ ስታባክን ከባዱ ክፍል ሳይታይ ይቀራል። ቴስተሮቹ ጄምስ ባክና ወንድሙ ጆናታን ባክ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ያደረጉት በሴሽን (በተወሰነ የሥራ ክፍለ ጊዜ) የተከፋፈለ ፍተሻ እዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ሴሽን አንድ ተልእኮ አለው፣ ሳይቋረጥ ይሠራል፣ በመጨረሻው የተሸፈነውና ያልተሸፈነው በማስታወሻ ይያዛል። የእነሱ ልማድ 90 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ ለውድድር 40 ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ሁለት ሆኖ ሦስት ዙር መሥራት 120 ደቂቃ ይወስዳል፤ በየመሃሉ 5 ደቂቃ ተነጋግሮ የሚቀጥለውን መምረጥ ይቻላል፣ የመጨረሻዎቹ 35 ደቂቃዎችም ለማጥራትና ለሙከራ ሪፖርቱ ይተርፋሉ።

የት ይፈለግ? ድንበር ላይ። ዕድሜ ከ18 እስከ 60 የሚቀበል ቦታ በ17፣ 18፣ 60 እና 61 ይፈተናል፤ ከዚያ ባዶ፣ 18.5፣ ከፊቱ ክፍት ቦታ ያለው 18፣ የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ይከተላሉ። ፌብሩዋሪ 29ን ቀኑ ባለበት ዓመትም በሌለበትም ማስገባት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለሚሠራ ሶፍትዌር ሁልጊዜ ይሞከር። የስም ቦታ ላይ የግእዝ ፊደል ይጻፍ። ፊደሎች በኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ገደቡ በፊደል ሳይሆን በባይት የተቆጠረ 30 ባይት የሚቀበል ቦታ የላቲኑን 30 ፊደል ሲያስገባ የእኛን ከ10 በኋላ ይቆርጠዋል፤ ገደቡ የአንድን ፊደል ባይቶች መሃል ላይ ከቆረጠ መጨረሻ ላይ የተሰበረ ምልክት ይቀራል። «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ፈጥኖ ሁለት ጊዜ መንካት፣ ከተላከ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ፣ አንዱን መዝገብ በሁለት ታብ ከፍቶ ማረም፣ በማስቀመጥ መሃል ኔትወርኩን መቁረጥ፣ በአድራሻው መስመር ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥር በሌላ ተጠቃሚ ቁጥር መለወጥ፤ እነዚህ አምስቱ በየትኛውም የድር ሶፍትዌር ላይ የሚሞከሩ ናቸው።

ፍጥነትን ደግሞ አጥብቀው ይያዙት። ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ሕሙማንን ከመጠን ባለፈ ጨረር የጎዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ማግኔቶቹ ለመስተካከል 8 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባቸዋል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ የመሣሪያው ሠራተኛ ያስገባውን አርሞ ከጨረሰ ሶፍትዌሩ እርማቱን ሳያይ ያልፋል። ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ያንን ባግ ዕድሜውን ሙሉ አያገኘውም፤ ሥራውን የለመደና እጁ የፈጠነ ሠራተኛ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ሶፍትዌሩን አንድ ጊዜ እንደ አዲስ ሰው፣ አንድ ጊዜም እንደ ለመደ ሰው መንካት ያስፈልጋል።

የሪፖርቱ ነገር የውድድሩ እምብርት ነው። «ትዕዛዝ መላክ አይሠራም» የሚል ርዕስ ማንንም አይረዳም። «በትዕዛዝ ገጽ ላይ ‹ላክ› የሚለው ቁልፍ በ1 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲነካ ሁለት ትዕዛዝ ይመዘገባል» የሚለው ግን ሌላውን ሳያነቡም የሚገባ ነው፤ የት፣ ምን ሲደረግ፣ ምን እንደሚሆን ይዟል። ቀጥሎ ቨርዥኑ፣ ብሮውዘሩ፣ የአካውንቱ ዓይነትና መነሻ ዳታው ይጻፋሉ፤ ከዚያ በቁጥር የተደረደሩ እርምጃዎች፣ የተጠበቀው ውጤትና የታየው ውጤት ለየብቻ። እርምጃዎቹ መቀነስ አለባቸው። ባጉ በመጀመሪያ በ14 እርምጃ ከታየ አንድ አንዱን እየተዉ መሞከር፣ ሳይኖሩም ባጉ የሚታይባቸውን ማስወጣት፤ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ይቀራሉ፣ ዴቨሎፐሩም ምክንያቱን ግማሽ መንገድ አግኝቶታል ማለት ነው። አንዳንዴ ብቻ የሚታይ ባግ ከሆነ «አንዳንዴ» ብሎ መተው አይገባም፤ «ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ» ይባል። ስክሪንሾት ያግዛል፣ እርምጃን ግን አይተካም። ከመላኩ በፊት ያልጻፈው የቡድን አባል እርምጃዎቹን ያለ ማብራሪያ ይከተል፤ ከተደናቀፈ ዳኛውም ይደናቀፋል።

ክብደትና ቅድሚያ የተለያዩ መሆናቸውን የማይለዩ ሪፖርቶች ብዙ ናቸው። ክብደት የጉዳቱ መጠን ነው፣ ቅድሚያ ባለቤቱ መቼ እንዲጠገን እንደሚፈልግ ነው። በመነሻ ገጹ ላይ የድርጅቱ ስም ተሳስቶ ቢጻፍ ክብደቱ ትንሽ፣ ቅድሚያው ግን ትልቅ ነው። ተወዳዳሪው ክብደቱን ይገምት፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ያስረዳ፤ ቅድሚያውን የባለቤቱ ወኪል ይወስን።

አሁን ወደ ነጥቡ። ከ100 ነጥብ 40ው ለተገኙት ባጎች ክብደት፣ 30ው ለሪፖርቶቹ ጥራት፣ 20ው ለሙከራ ሪፖርቱ፣ 10ሩ ከባለቤቱ ወኪል ጋር ለተደረገው ጥያቄና መልስ ይሁን እላለሁ። ዋናው ዘዴ ግን ጣሪያ ነው፦ አንድ ቡድን የፈለገውን ያህል ያግኝ፣ ለዳኝነት የሚያቀርበው ግን ራሱ የመረጣቸውን 15 ሪፖርቶች ብቻ ነው። ይህ አንድ ደንብ የቆጠራውን በሽታ ይነቅለዋል፤ ከ60 ውስጥ 15ቱን መምረጥም ቴስተር በየሳምንቱ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ በራሱ ይመዘናል። አንድ ዓይነት ባግ ሁለት ቡድን ካገኘው ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ይውሰዱ። «ቀድሞ ላስገባ» የሚለው ደንብ ያልተረጋገጠና ያልተጣራ ሪፖርት በጥድፊያ እንዲላክ ያደርጋል። በአንድ ቡድን ውስጥ የተደገመ ግን ዜሮ ነው። በተጻፈው እርምጃ ዳኛው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያላየው ባግ ትንሽ ነጥብ ይቀነስበት፤ «ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ» ብሎ በግልጽ የጻፈው ላይ ግን ዳኛው 10 ጊዜ ይሞክር እንጂ አይቅጣ።

አዘጋጆች የሚስቱት ስሌት እዚህ አለ። 8 ቡድን በ15 ሪፖርት 120 ነው። አንዱን አንብቦ፣ ደግሞ ሞክሮ፣ ነጥብ ለመስጠት 6 ደቂቃ ቢወስድ 720 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት ይሆናል። እያንዳንዱ ሪፖርት በሁለት ዳኛ መታየት ስላለበት 24 ሰዓት ነው። 6 ዳኞች ካሉ 4 ሰዓት ሙሉ ይሠራሉ። ስለዚህ ውጤቱ በማግስቱ ይነገር፤ «ከሻይ በኋላ አሸናፊውን እናሳውቃለን» የተባለ እንደሆነ ዳኞቹ ርዕስ ብቻ አንብበው ይቆጥራሉ፣ ተመልሰን ቆጠራ ላይ ወደቅን። የቡድኖቹ ስም ነጥቡ እስኪሰጥ ድረስ ከዳኞቹ ይሰወር። የሁለት ዳኞች ነጥብ ከ10 ውስጥ ከ3 በላይ ከተራራቀ ሦስተኛ ዳኛ ይየው። ዳኞቹ ከመጀመራቸው በፊት 3 የናሙና ሪፖርቶችን አብረው መዝነው ይነጋገሩ፤ ይህ 30 ደቂቃ የኋላውን ክርክር ያስቀራል።

የደኅንነት ቀዳዳ የሚፈለግባቸው ውድድሮች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ፖውንቱኦውን፣ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ እዚያ አንድ የሚሠራ ጥቃት ማሳየት ይበቃል። በቴስተሮች ውድድር ላይ በአውቶማቲክ ቀዳዳ የሚያስሱ ፕሮግራሞችና ሰርቨር በጥያቄ የሚያጨናንቁ መሣሪያዎች ካልተፈቀዱ በቀር ይከልከሉ፤ በሺህ የሚቆጠር መስመር ውጤት ይተፋሉ፣ ያስገባቸውም ሰው ብዙውን አልመረመረውም። ለማንኛውም ቀዳዳ ከተገኘ መጀመሪያ ለባለቤቱ ብቻ ይነገር፣ እስኪጠገንም ማንም በሌላ ቦታ አያሳየው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ ሪፖርቶችም መጥተዋል። አቀራረባቸው ያማረ፣ እርምጃቸው የተሟላ፣ ባጉ ግን የሌለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መሣሪያውን መከልከል የሚያዋጣ አይመስለኝም። ይልቁንም ዳኛው ከ15ቱ ሪፖርቶች ሦስቱን በዕጣ ያውጣና የጻፈው ሰው እዚያው ፊቱ ላይ፣ አዲስ በተነሳ ኮፒ ላይ ያሳይ። አንዱን ማሳየት ካልቻለ የዚያ ሪፖርት ነጥብ ይሰረዝ፤ ሁለቱን ካልቻለ 15ቱም አንድ በአንድ እንዲሁ ይታዩ።

ከውጤቱ በኋላ 1 ሰዓት ለውይይት ይመደብ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ባግ መርጦ በ5 ደቂቃ እንዴት እንደደረሰበት ያሳያል፤ 8 ቡድን 40 ደቂቃ ይወስዳል። በቀረው 20 ደቂቃ የተዘሩት ባጎች ዝርዝርና ማንም ያላገኛቸው ይገለጡ። ባለቤቱ ሙሉውን የሪፖርት ክምችት ይረከብ፤ ከአንድ ወር በኋላ ስንቱን እንደጠገነ ለተወዳዳሪዎቹ ቢጽፍላቸው መልካም ነው።

ለአዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ዳኞቹ የሚሞሉት የነጥብ መስጫ ቅጽ ከምዝገባው ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይውጣ። ቅጹን ቀድሞ ያየ ቡድን ለመለማመጃው ሳምንት የሚሠራውን ያውቃል፤ ቅጹን ገና ያላዘጋጀ አዘጋጅም ምዝገባውን ያዘግይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ የሆነ የሶፍትዌር ቴስተር